«አጥርቼ አያለሁ» ብላችሁ የግፊት ኪኒን ያቆማችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ

ስለ ደም ግፊትና ዓይን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰፈራችንን አዳርሷል። ሰፈራችን ስል ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን፣ ወዲያ እስከ ገላን ያለውን ማለቴ ነው። ከስልክ ስልክ ይላካል፣ ጸጉር ቤት ይነበባል፣ ታክሲ ተራ ላይ ይወራል። እኔ የዓይን ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ጽሑፉን ይዘው መጥተው «ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚሉኝን ሰዎች ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ። እሱ አይከብደኝም። እንቅልፍ የሚነሱኝ ሳይጠይቁ ኪኒናቸውን ያቆሙት ናቸው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ጽሑፉ ይህን ይላል። ግፊት ዓይንን ቢጎዳ እይታ ይደክም ነበር፣ ስለዚህ አጥርቶ የሚያይ ሰው አይስጋ። ግፊት ዓይን ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው የዓይን ነጩ ደም ሲቋጥር ነው። መነጽር ቤት የዓይን ግፊቱን ተለክቶ ደህና ነው የተባለ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በጠብታ ብሌን አስፍቶ መመርመር ዓይን ያደክማል። ግፊት የመሃል ከተማ ሰውና የባለሀብት በሽታ ነው፣ ዳር ያለውን ሠርቶ አዳሪ አያሰጋውም። ኪኒን ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይለቅም፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ ስለዚህ እሱን ትቶ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው መውሰድ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ጨው ቀንሱ ይላል።

የጨውን ነገር እቀበላለሁ። በትክክል ነው የጻፉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ይህን ማስታወሳቸው ጥሩ ነው። የቀረው ግን ልክ አይደለም፤ አንዳንዱም ሰው ያሳውራል።

ከዋናው ልጀምር፣ አጥርቶ የሚያይ ሰው አይስጋ ከሚለው። ሬቲና የዓይናችንን የኋላ ክፍል ከውስጥ የለበጠ ስስ ሽፋን ነው፤ ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። ፊደል የምናነብበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት ቦታ ግን የሬቲናው መሃል ላይ ያለች በጣም ትንሽ ክፍል ናት፤ ማኩላ ትባላለች። የደም ሥሮቹ በዓይን ነርቭ በኩል ይገቡና ወደ ላይና ወደ ታች ተከፋፍለው ሬቲናውን በሙሉ ያዳርሱታል። ስለዚህ ከማኩላዋ ራቅ ብሎ ያለ ሥር ቢጠብም፣ ቢያፈስም፣ ቢደማም ሰውየው የምርመራ ገበታውን እስከ መጨረሻው መሥመር ሊያነብልኝ ይችላል። አያመውም። ሬቲና ሕመም የሚያሰማ ነርቭ የለውም።

አንድ የሲኖትራክ ሹፌር መነጽር ሊያሠሩ ወደ እኛ መጡ። አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። እሱ በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ የቅርብ እይታ ችግር ነው፣ ምንም አይገርምም። የሩቁን ገበታ በሁለቱም ዓይናቸው ጥርት አድርገው አነበቡ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ ግፊት መለካት ልማዳችን ስለሆነ ለካኋቸው። ላይኛው 200፣ ታችኛው 120። አሳርፌ ደገምኩት፣ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ግፊት እንዳለብዎ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ምንም የለብኝም እህቴ። ትናንት ከሞጆ አሸዋ ጭኜ ነው የገባሁት።»

ራስ ምታት የለም፣ ማዞር የለም፣ ብዥታ የለም። ጠብታ አድርገን ብሌናቸው ሲሰፋ በሁለቱም ዓይን ሬቲና ላይ የእሳት ነበልባል ቅርጽ ያላቸው የደም ጭረቶች ታዩ። በመሃላቸው ደግሞ ጠርዛቸው ብን ያለ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሐኪሞች የጥጥ ነጠብጣብ ይሏቸዋል። ጥጥ የሚመስለው ነገር ደም አጥሮት ያበጠ የነርቭ ክር ነው። እኚህ ሰው ሌላ ዙር አሸዋ ሊጭኑ ሲሄዱ መንገድ ላይ ምን ሊገጥማቸው ይችል እንደነበር አስቡት። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተላኩ፣ ተኝተው ታከሙ። ጽሑፉ ላይ ባለው መለኪያ ከሄድን ግን እኚህ ሰው «አጥርተው የሚያዩ፣ የማያሰጋቸው» ነበሩ።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም፤ ይህን የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ምልክት ቢኖረው ኖሮ ይህን ያህል ሰው ሳያውቀው አይኖርም ነበር።

ጸሐፊው የደም ሥሮቹ ምን እንደሚሆኑ አንድም ቦታ ላይ አላብራሩም። እኔ ላብራራ፣ ምክንያቱም ሂደቱን የተረዳ ሰው ኪኒኑን አይተውም። የሬቲና ቀጫጭን ሥሮች ግፊት ሲበዛባቸው መጀመሪያ ራሳቸውን ያጠባሉ። ይህ መከላከያ ነው፤ ከፊታቸው ያሉት፣ ከነሱም የሚቀጥኑት ሥሮች በግፊቱ እንዳይጎዱ። ለአጭር ጊዜ ይሠራል። ግፊቱ ወር አልፎ ዓመት ሲቆይ ግን ግድግዳቸው እየወፈረ፣ እየደረቀ ይሄዳል። የጤነኛ ሥር ግድግዳ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ስንመለከት የሚታየን ውስጡ ያለው ደም ነው። የወፈረ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች መጀመሪያ ላይ የመዳብ ሽቦ፣ ሲብስበት የብር ሽቦ የሚሉት። ከዚያ ግድግዳው ማፍሰስ ይጀምራል። ደሙ ይወጣል፣ ቅባት ያለው ፈሳሽ ይወጣል፣ ቅባቱ ሬቲናው ላይ ቢጫ ሆኖ ይረጋል። ማኩላዋ ጋ ሲደርስ ነው እንግዲህ ሰውየው «ብዥ አለብኝ» ብሎ የሚመጣው። ያኔ ነገሩ ብዙ ርቀት ሄዷል።

ሌላም አለ። ከልብ ደም የሚያመጣው ደም ቅዳና ደሙን የሚመልሰው ደም መልስ ሬቲናው ላይ በሚሻገሩበት ቦታ አንድ ልባስ ይጋራሉ። የደረቀው ደም ቅዳ ለስላሳውን ደም መልስ ይጫነዋል፣ አትክልት ማጠጫ ጎማ ላይ ሰው ሲቆምበት እንደሚሆነው። ደሙ ከኋላ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ጭራሽ ይዘጋና ያ የሬቲና ክፍል በደም ይሞላል። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ በአንድ ዓይኑ ግማሹ ነገር ጠፍቶበት ያገኘዋል፣ ያለ ምንም ሕመም። አንዳንዱማ እሱንም የሚያውቀው ደህነኛውን ዓይን ሲያሽ በአጋጣሚ ነው። መርፌ አለ፣ ሌዘር አለ፤ ብዙ ሰው ይሻለዋል፣ ግን እንደ ድሮው የሚሆነው ሁሉም አይደለም። መርፌው ዓይን ውስጥ የሚወጋ ነው፣ ደጋግሞ የሚወጋ ነው፣ የሬቲና ሐኪሙም ያለው እዚህ አይደለም፤ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ሌላ መሃል ከተማ ድረስ መመላለስ አለ። ከቱሉ ዲምቱ በሁለት ታክሲ፣ አንድ ዓይን ተሸፍኖ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ኪት፣ ዋግነርና ባርከር የሚባሉ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ሐኪሞች የግፊት ሕመምተኞችን ሬቲና እያዩ በአራት ደረጃ ከፈሏቸው። አንደኛው ደረጃ የሥሮቹ ትንሽ መጥበብ ነው። ሁለተኛው ላይ መሻገሪያዎቹ ይጨፈለቃሉ። ሦስተኛው መድማቱና የጥጥ ነጠብጣቡ ነው፣ የሹፌሩ ደረጃ ማለት ነው። አራተኛው ላይ የዓይን ነርቩ ራስ ያብጣል። በዚያ ዘመን ይህ ነው የሚባል የግፊት መድኃኒት አልነበረም። ደረጃ አንድ ከነበሩት 70 ከመቶ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኙ፤ ደረጃ አራት ከነበሩት 6 ከመቶ ያህሉ ብቻ። ዛሬ መድኃኒት ስላለ ይህ በጣም ተለውጧል፤ ያኔ ይሞቱ የነበሩ ሰዎች አሁን ኪኒናቸውን ውጠው ልጅ ይድራሉ። ኪኒን አቁሙ የሚለው ምክር የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ሬቲና ላይ የሚታየው ጉዳት ደግሞ ዓይን ላይ ብቻ አይቆምም። አሜሪካ ውስጥ በአራት አካባቢዎች ከ10,000 በላይ ሰዎች ሬቲናቸው ፎቶ ተነስቶ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ሬቲናቸው ላይ የደም ነጠብጣብና የጥጥ ነጠብጣብ የታየባቸው ሰዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ካልታየባቸው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የአንጎልና የሬቲና ቀጫጭን ሥሮች በአሠራር ይመሳሰላሉ። የኩላሊቱም እንደዚያው። አንዱ ጋ የሆነው ሌላው ጋም እየሆነ ሊሆን ይችላል።

የዓይን ነጭ ደም መቋጠር የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ያለች ቀጭን ሥር ስትበጠስ የሚመጣ ነው። ኃይለኛ ሳል፣ ማስነጠስ፣ ትውከት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ዓይን ማሸት ያመጡታል። ያስደነግጣል፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ግን ራሱ ይጠፋል። ግፊት ያለበት ሰው ላይ ሊደጋገም ስለሚችል ያጋጠመው ሰው ቢለካ ጥሩ ነው። ሬቲናው ግን ከኋላ ነው፤ በመስታወት አይታይም። ዓይኑ ነጭ ሆኖ ሬቲናው የደማ ሰው አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሬቲናው ጤነኛ የሆነም አለ።

የዓይን ግፊት ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ቀላቅለዋል። መነጽር ቤት ውስጥ አየር «ጡፍ» እያደረገ የሚለካው መሣሪያ የሚነግረን በዓይን ኳስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚገፋ ነው። እሱ የሚያገለግለው ለግላኮማ፣ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ለሚጎዳው በሽታ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው የሚለካው የደም ሥር ውስጥ ያለውን ነው። የዓይኑ ግፊት 15 ሆኖ የደሙ 200 የሆነ ሰው ሞልቷል። ሁለቱም ይለኩ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ጠብታውን በተመለከተ፣ ፍርሃቱን እረዳለሁ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግ ትንሽ ያቃጥላል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ለተወሰኑ ሰዓታት ፀሐይ ያንጸባርቃል፣ የቅርብ ነገር ይደበዝዛል። እኛ ጋ አስፋልቱ ዳር ጥላ የለም፤ ተመርምረው የሚወጡ ሰዎች ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲሄዱ ያየ ሰው ዓይናቸው የተበላሸ ይመስለዋል። ማታ ይመለሳል። በዚያ ቀን መኪና አትንዱ፣ ባርኔጣ ወይም ጥቁር መነጽር ያዙ፣ ከተቻለ አንድ ሰው አብሯችሁ ይምጣ። ዓይናቸው ውስጥ ያለው የፈሳሽ መውጫ ጠባብ የሆነ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱ ላይ ጠብታው የዓይን ግፊትን ድንገት ሊያስነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ነው መርማሪው ጠብታውን ከማድረጉ በፊት የሚያይላችሁ። ከምርመራው በኋላ ኃይለኛ የዓይን ሕመም፣ ትውከት ወይም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ካያችሁ ወዲያው ተመለሱ።

የሚገኘው ጥቅም ግን ትልቅ ነው። ሰው ሳይቀደድ የደም ሥሩ በቀጥታ የሚታይበት ቦታ ሬቲና ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1851 ኦፍታልሞስኮፕን፣ የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ፣ ካስተዋወቀበት ጊዜ ጀምሮ ሐኪሞች በዚህች መስኮት ያያሉ። ብርሃኑ ብሌን ውስጥ ሲገባ ወርቃማ ብርቱካናማ መደብ ይታያል፤ ከነርቩ ራስ ላይ ቀያይ ሥሮች ይወጣሉ፣ ጠቆር ያሉት ወደ ውስጥ ይመለሳሉ። ብሌኑ ካልሰፋ የምናየው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፤ የሹፌሩ የደም ጭረቶች ከፊሎቹ ያለ ጠብታ ያመልጡን ነበር።

አሁን ደግሞ የባለሀብት በሽታ ወደሚለው። ይህ እኛን፣ ዳር ያለነውን ሰዎች፣ በቀጥታ ነው የሚጎዳን። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 ከመቶ ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ደግሞ እዚህ ብርቅ አይደለም። የኮዬ ፈጬ ሰው እንዴት እንደሚኖር ጸሐፊው ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የአውቶቡስ ሰልፍ ይይዛል፣ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ለመድረስ ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ጨልሞ ይገባል፣ ጨው የበዛበትን እራት በልቶ ይተኛል። የቀን ሠራተኛው ወገቡን ሲያመው ፋርማሲ ገብቶ ዳይክሎፌናክ ይገዛል፤ ያ መድኃኒት ሲደጋገም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ማንም አይነግረውም። ማታ የሚሠራው ጥበቃና ሹፌር እንቅልፍ እንዳይወስደው ጫት ይቅማል፣ ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የጉልበት ሥራ ለልብ ይጠቅማል፤ ከዚህ ሁሉ ግን አያድንም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ግፊቱ ቀድሞ ይታወቅለታል። የእኛ ሰው የሚታወቅለት ዓይኑ ሲጠፋ ወይም ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ነው።

ወደ ኪኒኑ ልምጣ። ኪኒን አንዴ ከተጀመረ አይለቅም የሚለው አባባል ነገሩን ገልብጦታል። የማይለቀው ግፊቱ ነው። ኪኒኑ በየቀኑ ሲወሰድ ይይዘዋል፣ ሲቆም ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ክብደት ቀንሰው፣ ጨው ቀንሰው፣ እንቅስቃሴ ጀምረው ሐኪሙ ኪኒን የቀነሰላቸው ሰዎች አሉ፤ ቀናሹ ግን ልኬቱን እያየ ሐኪሙ ነው።

ኩላሊትን በተመለከተ፣ ኩላሊት ከሚያደክሙ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ራሱ ያልታከመ ግፊት ነው። ኢናላፕሪልን የመሰሉ የግፊት መድኃኒቶች ስኳር ያለበትን ሰው ኩላሊት ለመጠበቅ ጭምር ይታዘዛሉ፤ በየጊዜው በደም ምርመራ መከታተል ያስፈልጋል፣ እሱ እውነት ነው። የግፊት ኪኒኖች ሌሎች ጣጣዎችም አሏቸው፣ አልክድም። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስለዋል። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል።

ይህ የመጨረሻው ሰፈራችን ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ሰው ኪኒኑን እንዲተው ያደርጋል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናት ጠዋት ኪኒኗን ውጣ አውቶቡስ ስትሳፈር ቃሊቲ ሳትደርስ ሽንቷ ይመጣል። መውረጃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ሰዓት ከረፈደ ደሞዝ ይቆረጣል። ምን ታድርግ? ተወችው። ለማንም አልተናገረችም፣ ነውር መስሏት። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ለሐኪሙ ስንነግረው ሰዓቱን ቀየረላት፣ በሥራ ቀን ሥራ ቦታዋ ከገባች በኋላ እንድትወስደው። ሳሉም እንዲሁ ነው፣ ሌላ ዓይነት ኪኒን አለ። እግር ሲያብጥም መጠን ይቀነሳል ወይም ይቀየራል። ይህን የምታወሩት ለጤና ባለሙያው ነው፤ ጸጥ ብሎ መተው ግን የሬቲናውን ሥር መልሶ ለዚያው ግፊት ይሰጠዋል።

ጾም ሲሆንም እንደዚሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን ይዘለዋል፤ በረመዳንም የሚዘሉ አሉ። ብዙዎቹ የግፊት ኪኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓታቸውን ከጾም መፍቻው ወይም ከኢፍጣር ጋር ማስማማት ይቻላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁንም አማክሩ።

ነጭ ሽንኩርት ግፊትን ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። ብሉት፣ ጥሩ ነው። 200 የገባን ግፊት ግን አያወርድም። ሽፈራውም የደም ግፊት ኪኒንን ይተካል የሚያሰኝ ማስረጃ የለውም። ጠበል የሚጠመቁ እናቶችም ይመጣሉ፤ እኔም እጠመቃለሁ፤ እምነታቸውን አልነካም፣ ኪኒናቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነው የምለምናቸው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ስኳር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር። ስኳር ራሱ የሬቲናን ቀጫጭን ሥሮች ያዳክማል፤ ግፊት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፈጥናል። እንግሊዝ አገር ስኳርም ግፊትም ባለባቸው ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ለዓመታት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት አለ። ግፊታቸው ጠበቅ ተደርጎ የተያዘላቸው ሰዎች ሬቲናቸው የመባባስ ዕድሉ ከሌሎቹ በ34 ከመቶ ያነሰ ነበር፤ እይታቸው የመቀነሱ ዕድል ደግሞ በ47 ከመቶ። ይህ የተገኘው ግፊትን በመቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያለበት ሰው ደህና ቢያይም በየዓመቱ ሬቲናው ይታይለት።

ነፍሰ ጡር እህቶች ደግሞ፣ ከአምስተኛው ወር በኋላ ዓይናችሁ ብዥ ካለ፣ ብልጭ ብልጭ ካለባችሁ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም ካለ ወደ መነጽር ቤት አትምጡ። ወደ እኛም አትምጡ። በቀጥታ ወደሚወልዱበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን። በእርግዝና የሚመጣ ግፊት በሰዓታት ውስጥ ወደ መንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል። ግፊት ኖሮባት ኢናላፕሪል የምትወስድ ሴትም ማርገዟን ስታውቅ ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር፤ ለጽንሱ ጥሩ ስላልሆነ በሌላ ይቀየርላታል።

ስለ መለካቱም አንድ ነገር ልጨምር። ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ወርዶ፣ ጸሐይ ላይ ተጉዞ የመጣ ሰው ወዲያው ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉ፣ ጀርባችሁን አስደግፉ፣ እግር አታቆላልፉ፣ ክንዳችሁ በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ሽንት ቤትም ቀድማችሁ ሂዱ፣ ከቡና ግማሽ ሰዓት ራቁ። በተለያየ ቀን ተለክቶ ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ከቆየ ግፊት ነው ይባላል። 180 በ120 ገብቶ ከእሱ ጋር ድንገተኛ የእይታ መጥፋት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የአንደበት መያያዝ ወይም የደረት ሕመም ካለ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም፣ የጨው ምክራቸው ላይ ለሰው ማሰባቸው ይታያል። ኪኒን አቁሙ የሚለውን አንቀጽ ግን እንዲያነሱትና ለላኩላቸው ሰዎች ማስተካከያ እንዲልኩ እለምናቸዋለሁ።

በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ኪኒን ያቆማችሁ ደግሞ፣ የዘለላችሁትን ለማካካስ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ አትዋጡ። ከፍ ብሎ የቆየ ግፊት በአንድ ጊዜ ሲያሽቆለቁል አንጎልና የዓይን ነርቭ ደም ያጥራቸዋል፤ ሰው በዚህ ሊታወር ይችላል፣ ሆስፒታልም ቢሆን እየተለካ በቀስታ ነው የሚወርደው። ነገ ጠዋት የቀረውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዛችሁ አጠገባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መቼ እንዳቆማችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ተለኩ፣ እንደ ልኬታችሁ እንዴት እንደምትጀምሩ ይነግሯችኋል። ስትወጡም ሬቲናዬ ይታይልኝ በሉና የሪፈር ወረቀት ጠይቁ።